ዶክተር ዳዋ እና የእድሩ ድንኳን

ግርማ ደውሎ «ዶክተር ደጀኔ አረፈ» ሲለኝ ወጥ እያማሰልኩ ነበር። ማማሰያውን እንደያዝኩ ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። ሆስፒታል ከገባ ሰንብቷል፤ ሐኪሞቹም ተስፋ እንደሌለው ነግረውናል። ቢሆንም ሰው ሞትን እያወቀውም ሲመጣ ይደነግጣል። ሁለታችንም ስልኩን ይዘን ትንሽ አለቀስን። ከዚያ ግርማ አፍንጫውን ጠረገና እንደ እድር ጸሐፊነቱ መጠየቅ ያለበትን ጠየቀኝ፤ «ለመሆኑ ድንኳኑ የት ነው ያለው?»

ድንኳኑ ያለው ሟቹ ጓሮ ነው። የእድራችን የድንኳን ኃላፊ ሟቹ ነበራ። ለስንቱ ለቅሶ ድንኳን ያወጣልን ሰው ራሱ የሞተ ቀን ማን እንደሚያወጣለት መተዳደሪያ ደንባችን ላይ ያሰበበት የለም። ይባስ ብሎ ከፋሲካ ወዲህ ድንኳኑን ለማንም አልሰጠም ነበር። ግርማ በጠየቀው ቁጥር «ጥገና ላይ ነው» ይለዋል። ሆስፒታል ተኝቶ፣ አፍንጫው ላይ ቱቦ ተደርጎለት እንኳ የጓሮውን ቁልፍ ስንለምነው ዓይኑን ሳይገልጥ «ጥገና ላይ ነው» ብሎናል። ማን እንደሚጠግነው ግን ተናግሮ አያውቅም።

ዶክተር ደጀኔ እዚህ ለንደን፣ ኤድመንተን የሚባል ሰፈር ውስጥ የግድግዳ ጎረቤቴ ነበር። የሱንና የኔን ጓሮ የሚለየው አንድ ያዘመመ የእንጨት አጥር ነው። እኔ ለንደን የመጣሁት ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ነው፤ እሱ ግን ቀደም ብሎ ለትምህርት መጥቶ የቀረ ሰው ነው። ከኔ በብዙ ዓመት ቢበልጥም አንቱታን አይወድም። መጀመሪያ ሰሞን «እርስዎ» ስለው «ተዪኝ እባክሽ፣ ወፎቹ ሽማግሌ መሆኔን ካወቁ ይንቁኛል» አለኝ። ከዚያ ወዲህ «አንተ» አልኩት።

ዶክትሬቱ የወፍ ነው። ቡሬ ያሉት አባቱ ልጃቸው ምን እንደሆነ ሲጠየቁ «ዶክተር ነው» ይሉና የምን ዶክተር ሲባሉ ስለ ዝናቡ ማውራት ይጀምሩ ነበር አሉ። በሽተኛ ወፍ ያክማል ብለው ያዘኑለትም ነበሩ። ሥራው ግን ሌላ ነው። በየዓመቱ ወደ ማሌዢያ፣ ቦርኒዮ ወደምትባለው ደሴት ይሄዳል። እዚያ ፓልም ዘይት የሚጨመቅበት ዘንባባ ዓይን እስኪታክት በመስመር በመስመር ተተክሏል። ከዛፎቹ ሥር የሚበቅለውን ሣር፣ ሐረግና ቁጥቋጦ መድኃኒት እየረጩ ያደርቁታል፤ መሬቱ ለሠርግ እንደተጠረገ ግቢ ይሆናል። ዶክተር ደጀኔ ዕድሜውን የፈጀው አንድ ነገር ሲያስረዳ ነው። ያንን ከሥር የበቀለውን ብትተዉት ወፎቹ ይመለሳሉ ይላል። ቅጠል ሥር ትል የምትለቅመዋም፣ ቁጥቋጦ ውስጥ ጎጆ የምትሠራዋም መግቢያ ታገኛለች። ወዲያው ደግሞ «ሁሉም አይመለሱም፤ ደን ደን ነው፣ የሚተካው የለም» ብሎ ይጨምራል። ይህችን ሳይል ንግግሩን ጨርሶ አያውቅም።

ኤድመንተን ያለችው ጓሮውም የዚያ እምነቱ ምስክር ነበረች። ሣሩ ወገብ ይደርሳል፣ ሳማው ከሣሩ ይበልጣል፣ እሾሃማው ብላክቤሪ አጥሩን ተሻግሮ የኔን ልብስ ማስጫ ይዟል። ከኩሽናው በር ጓሮው ጫፍ እስካለው ሼድ፣ እስከ ዕቃ ማስቀመጫው የእንጨት ክፍል ድረስ ለአንድ ሰው እግር የምትበቃ ቀጭን መንገድ አለች፤ ሌላው ሁሉ የወፍ ነው። በኛ አገር ደግሞ ደጁ ዳዋ የለበሰ ቤት ባለቤቱ ወይ ሞቷል ወይ ተሰዷል። ሰው ሲራገም እንኳ «ቤትህን ዳዋ ይዋጠው» ይላል። ይህ ሰው የተማረ፣ ደመወዝ ያለው፣ ጤነኛ ሆኖ በገዛ እጁ እርግማኑን ጓሮው ላይ ማብቀሉ ለሀበሻው ሁሉ ግራ ነበር። ስሙን «ዶክተር ዳዋ» ያሉት ለዚህ ነው። ሲሰማ ደስ አለው። እንደውም መጽሔት ላይ ከወጣለት ጽሑፍ ሁሉ የሚበልጥ ማዕረግ ነው አለኝ።

ከሁሉ በላይ ጓሮው ያበሳጫቸው እትዬ የሺን ነው። እትዬ የሺ የእድሩ ሴቶች መሪ ናቸው፤ ዊልስደን ነው የሚኖሩት። አውቶቡስና ባቡር ቀያይረው መጥተው የሰው ቤት ሲገቡ መጀመሪያ የሚያዩት የመስኮቱን ጠርዝ ነው፤ አቧራ ካለ በጣታቸው ያሳዩዎታል። ዶክተሩን ግን ይወዱታል። «ልጁስ ጨዋ ነው፣ አንድ ሚስት ቢያገባ ያ ጓሮ ሰው ይሆን ነበር» ይላሉ።

እሱም አይተዋቸውም። አንድ የጾም ሰሞን እትዬ የሺ ሱቅ ውስጥ ብስኩት ይዘው፣ ወተትና እንቁላል እንዳይኖርበት መነጽራቸውን አድርገው ጽሑፉን ሲፈትሹ ያገኛቸዋል። ወስዶ አነበበላቸው። ወተት የለበትም፣ እንቁላል የለበትም፣ ፓልም ዘይት አለበት። «እትዬ፣ እናንተ በጾም የምትበሉት ሁሉ ከኔ ወፎች ቤት የመጣ ነው» አላቸው። ማለት የፈለገው ዘይቱ ወፎቹ ከነበሩበት መሬት የመጣ ነው ነበር። አትብሉም አላለም፤ ከየት እንደመጣ ጠይቁ ነው የሚለው ሁልጊዜ። እትዬ የሺ ግን ሌላ ሰሙ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስደርስ ሴቶቹ ሁሉ ተደናግጠዋል፤ ብስኩቱ ወፍ አለበት ተብሎ ወሬው ተዛምቷል። አንዷማ ጾሙን ሙሉ ስትበላው የሰነበተች ነበረችና ንስሐ አባቷን ፈልጋ ሄደች። ቄሱ ዶክተሩን አስጠርተው ጠየቁት። እሱም ከዘንባባው ተከላ ጀምሮ ሲያስረዳ፣ ሲያስረዳ፣ ቄሱ በመጨረሻ «ባጭሩ ያስገድፋል ወይስ አያስገድፍም?» አሉት። «አያስገድፍም» አለ። «እንግዲያው ዝም በል» አሉት።

ሌላው ነገሩ ጣቱ ነው። ስታወሩት ቆይታችሁ በወሬያችሁ መሐል ጠቋሚ ጣቱን ድንገት ወደ ላይ ያነሳል። ዝም በሉ፣ ወፍ አለች ማለቱ ነው። ስለ ሕመማችሁ፣ ስለ ልጃችሁ፣ ስለ መንጃ ፈቃዳችሁ ብታወሩም ልዩነት የለውም። ወፊቱ እስክትጨርስ ትጠብቃላችሁ። ከዚያ ጣቱን ያወርድና «እሺ፣ ሐኪሙ ምን አለሽ?» ይላል፤ ካቋረጣችሁበት ቃል ነው የሚጀምረው፣ አንዲት ነገር አትጠፋውም።

የድንኳን ኃላፊ የሆነውም በዚያች ጣት ነው። ከምርጫው በኋላ ለንደን ያለ ሀበሻ ሁሉ ወይ እዚህ ወይ እዚያ ነበር። እድራችን ሰቨን ሲስተርስ ሰፈር በሚከራየው አዳራሽ ውስጥ ሰው ግራና ቀኝ ተከፍሎ ይቀመጣል፤ የግራው ሻይ ሲያፈላ የቀኙ ውኃ ይጠጣል። በዚያ ሰሞን ነው ድንኳን የገዛነው። ድንኳኑ ማን ቤት ይቀመጥ ሲባል ትልቅ ጭቅጭቅ ተነሳ። ግራዎቹ ቀኞች ከያዙት የኛ ሰው ሲሞት ይከለክሉናል አሉ፤ ቀኞቹም ያንኑ አሉ። ዶክተር ደጀኔ ከማንም ወገን ሳይሆን መሐል ላይ፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጧል፤ ውጭ ዛፍ ስላለ ነው እዚያ የሚቀመጠው። ግርማ ድካም ይዞት «እሺ፣ በፈቃደኝነት የሚወስድ ካለ እጁን ያውጣ» አለ። ውጭ ጣሪያው ላይ አንዲት ጥቁር ወፍ ዜማዋን ጀመረች። የዶክተሩ ጣት ወደ ላይ ወጣች።

ግርማ ተንፍሶ «ዶክተር ደጀኔ!» አለ። አዳራሹ ግራና ቀኝ ሳይል አጨበጨበ፤ ከምርጫው ወዲህ አብረን ስናጨበጭብ ያ መጀመሪያችን ነው። ዶክተሩ ዞር ብሎ አየንና ፊቱ በራ። ወፊቱን ሰምተን ያጨበጨብን መስሎት ነበር። ድንኳኑን ተሸክሞ ቤቱ ሲገባ ነው የገባው፤ ግን አልመልስም አለ። እውነቱን ለመናገር ከሱ የተሻለ የድንኳን ኃላፊ አልነበረንም። ያደርቀዋል፣ ያጥፈዋል፣ ለማንም ለቅሶ አንድ ቀን ሳያዘገይ ያደርሳል። የሚያስቀምጠውም ጓሮው ጫፍ ባለው ሼድ ውስጥ ነው።

አሁን ወደ ትልቁ ጉዳይ ልምጣ። አንድ ዓመት ወደ ቦርኒዮ ሊሄድ ሲል አጥሩ ላይ ተደግፎ ጠራኝ። ሲጨነቅ አይቼው አላውቅም፤ የዚያን ቀን ግን የአጥሩን እንጨት በጥፍሩ ይልጥ ነበር። ሚስተር ሐሰን የሚባል ሰው አለ፤ የአንድ ትልቅ የዘንባባ እርሻ ሥራ አስኪያጅ ነው። ዶክተሩ ለዓመታት ሲለምነው የኖረው ከእርሻው አንዱን ክፍል መድኃኒት ሳይረጭ፣ ከሥር የበቀለው እንደበቀለ እንዲተውለት ነው። ሰውየው እሺም እምቢም አላለም። አሁን ለስብሰባ ለንደን ይመጣል፤ ዶክተሩ ከጉዞው በተመለሰ በሦስተኛው ቀን፣ ማክሰኞ፣ ጓሮውን ሊያይ ቀጠሮ ይዘዋል። «ወረቀት አንብቦ አልተንቀሳቀሰም። በዓይኑ ይየው፣ በጆሮው ይስማው። እምቢ ካለኝ የምሠራበት ዩኒቨርሲቲ ከእንግዲህ አይልከኝም፤ ሥራዬ እዚያው ላይ አበቃ» አለኝ። የቤቱን ቁልፍ ሰጠኝና ሄደ። ማንም ጓሮዋን እንዳይነካ አደራ አለኝ። ማን ይነካዋል ብዬ ሳቅሁ።

እሱ እዚያ እያለ የአባቱ ሞት ተሰማ። መልእክቱ የመጣው ለእትዬ የሺ ነው፤ የቡሬ ዘመዶቹ «እንዳትነግሩት፣ ሲመለስ ሰብሰብ ብላችሁ አርዱት» አሏቸው። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ይልቁንም ብቻውን ባሕር ማዶ ላለ ሰው። እድሩ ምስጢሩን እንደ መንግሥት ምስጢር ያዘው። ግራውም ቀኙም አንድ ሆነ። ቅዳሜ ማታ ይገባል፣ እሑድ ጎሕ ሲቀድ እንነግረዋለን፣ ለቅሶው እቤቱ ይሆናል፣ ድንኳን ጓሮው ላይ ይተከላል ተባለ። እኔ ድንኳን ጓሮው ላይ አይሆንም ብዬ ተከራከርኩ፤ የሚስተር ሐሰንንም ጉዳይ ነገርኳቸው። እትዬ የሺ በሐዘን አዩኝ። «አባት ነው እኮ የሞተበት፤ የአባቱን ለቅሶ ዳዋ ውስጥ ይቀመጥ? ሰው ምን ይለናል?» አሉ። ቁልፉን ለወጥ ሥራው ብዬ ሰጥቼ፣ ጓሮው እንዳይነካ ደጋግሜ አስጠንቅቄ ሥራ ገባሁ።

ስመለስ ጓሮው ግማሹ ተላጭቷል። ግርማ የሣር ማጨጃ ማሽን ተከራይቶ መጥቶ ከኩሽናው በር ጀምሮ ሲያጭድ ውሏል፤ መሐል ላይ ሲደርስ ብላክቤሪው የማሽኑን ገመድ ጠምዝዞ በጠሰበት እንጂ ሼዱ ድረስ ይሄድ ነበር። ሣሩ፣ ሳማው፣ ቁጥቋጦው በጥቁር ከረጢት ታጭቆ መንገድ ዳር ተደርድሯል። በተላጨው መሬት ላይ ድንኳኑ ቆሟል። እትዬ የሺ ወገባቸውን ይዘው፣ ላባቸውን እየጠረጉ፣ እንደ ሙሽራ ቤት እያዩት «አሁን ገና ቤት መሰለ» አሉኝ። ምን እንዳልኳቸው እዚህ አልጽፍም።

ዶክተሩ ማታ ገባ፤ ድካም ስለነበረበት መብራት እንኳ ሳያበራ ተኛ። እሑድ ገና ሳይነጋ እኛ ጥቁር ለብሰን፣ ነጠላችንን ዘቅዝቀን፣ በሹክሹክታ እየተገፋፋን የፊት በሩ ላይ ቆምን። ማን ይናገር፣ ማን ይያዘው፣ ማን ውኃ ያቅርብ ሁሉ ተደልድሏል። እኔ ላንኳኳ እጄን ሳነሳ ከጓሮ በኩል ኡኡታ ተሰማ። የሰው ልጅ እንደዚያ ሲያለቅስ ሰምቼ አላውቅም።

እትዬ የሺ ወደኛ ዞረው «ማነው የነገረው?» አሉ። በሩን ከፍቼ በኩሽናው አልፈን ወጣን። ዶክተር ደጀኔ በመኝታ ልብሱ፣ በባዶ እግሩ፣ የተላጨው መሬት ላይ ተቀምጦ የብላክቤሪ ጉቶ ይዞ ያለቅሳል። የሻይ ስኒው አጠገቡ ተደፍቷል። እትዬ የሺ ላዩ ላይ ወደቁ። «አልቅስ ልጄ፣ አባት ነው፣ ይውጣልህ» እያሉ ደረታቸውን መቱ። ሁላችንም ተከተልን። እሱ ቀና ብሎ አየን። ጥቁሩን ልብሳችንን አየ፣ ድንኳኑን አየ፣ ግድግዳው ላይ የተደገፈውን የግርማን ማሽን አየ። ከዚያ እንደገና አለቀሰ፤ አሁን ግን ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር።

ያ ታሪክ ለንደንን ዞረ። ሰው ሳያረዳው፣ ልቡ ነግሮት፣ ጎሕ ሲቀድ ወጥቶ አባቱን ያለቀሰ ልጅ ተባለ። እናቶች ለልጆቻቸው ምሳሌ አድርገው ነገሩት። አባትን መውደድ እንዲህ ነው አሉ።

ማክሰኞ ሚስተር ሐሰን መጣ። ቀጠሮውን ለመሰረዝ ማንም ጊዜ አልነበረውም። ጫማው የሚያብለጨልጭ፣ ረጋ ያለ፣ አጠር ያለ ሰው ነው። ለቅሶ ቤት መግባቱ ሲገባው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አጎነበሰና ከለቀስተኛው መሐል ተቀመጠ። ንፍሮ ሰጡት፤ በላ። ዶክተሩ ጋቢ ለብሶ አጠገቡ ተቀምጧል። ስለ ወፍ ማውራት ነውር መስሎት ዝም አለ፣ ሰውየውም ስለ እርሻ ማውራት ነውር መስሎት ዝም አለ። የዓመታት ሥራ እንደዚያ በዝምታ ሊያልፍ ነው ብዬ ጨነቀኝ።

በመጨረሻ ጣቲቱ አልቻለችም። ወደ ላይ ወጣች።

ድንኳኑ በሙሉ ጸጥ አለ፤ ሁላችንም ለምደነዋል። ካልታጨደው ወገን ደረተ ቀይዋ ወፍ፣ ሮቢን የሚሏት፣ ቀጭን ዜማዋን ለቀቀች። ሚስተር ሐሰን ዞር አለ። ሼዱ በኩል ያለው ዳዋ ይንቀሳቀሳል። ድንቢጦች ሳማው ውስጥ ይጣላሉ፣ አንዷ ትል ይዛ ትገባለች፣ ሌላዋ ጭራዋን ሰቅላ ትወጣለች። ከዚያ ተመልሶ ታጭዶ የተላጨውን ወገን አየ። እዚያ ያለችው አንዲት ርግብ ብቻ ናት፤ እሷም የመጣችው ለንፍሮው ነው።

ሰውየው በእንግሊዝኛ ይህን ሆን ብለህ ነው ያዘጋጀኸው ብሎ ጠየቀ። እኔ አዎ በል፣ አዎ በል እያልኩ በልቤ ስጸልይ፣ ዶክተር ደጀኔ ራሱን ነቀነቀ። አይደለም አለ፤ ማስረጃም አይሆንም። በዚህ በኩል ሰው አለ፣ ድንኳን አለ፣ ጫጫታ አለ፤ አንድ የለንደን ጓሮ ስለ ቦርኒዮ ምንም አይናገርም አለ። ጋቢውን ይዤ ልጎትተው ምንም አልቀረኝ። የሱ ነገር እንዲህ ነው፤ ዕድል ደጁ ድረስ መጥታ ስታንኳኳ መታወቂያ ይጠይቃታል።

ሚስተር ሐሰን ግን ፈገግ አለ። ወፎቹን አምናለሁ፣ ድሮም አምናቸዋለሁ አለ። የሱ ችግር ሌላ ነው። አለቆቹ እርሻውን የሚያዩት መኪና ውስጥ ሆነው ነው። ከዛፍ ሥር አረም ካዩ ሥራ አስኪያጁ ተኝቷል ይላሉ። በሱም መንደር ደጁ በቅጠል የተዋጠ ቤት የሰነፍ ቤት ነው፤ እናቱ ቢያዩት ያፍሩበታል።

ይህን ለእትዬ የሺ ተረጎምኩላቸው። በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚረዳቸው ሰው እንዳገኙ ሆኑ። ወንበራቸውን ወደሱ አስጠጉና የተላጨውን መሬት እያሳዩ «ንገሪው» አሉኝ፣ «እኔስ መቼ ሁሉን አስጨድኩት? ለቀስተኛ የሚያየውን ነው ያስጸዳሁት። እንግዳ የሚገባበትን ካጸዱ ጓዳውን ማን ገብቶ ያይባቸዋል?» የማሽኑ ገመድ ስለተበጠሰ መሆኑን ግርማ ሊናገር ሲል በክርናቸው ጎሸሙት።

ተረጎምኩ። ሚስተር ሐሰን ንፍሮውን ማኘክ አቆመ። ዶክተር ደጀኔ እትዬ የሺን አይቶ እንደማያውቃት ዓይነት ወፍ ትክ ብሎ ያያቸው ጀመር። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ቃል በቃል፣ መንገድ ዳር ያሉትን መስመሮች ብትጠርጋቸው፣ ውስጡን ግን ብትተወው አለ። ሰውየው ርግቧን አየ፣ ዳዋውንም አየ። «መንገድ ዳሩን እጠርጋለሁ» አለ በመጨረሻ። ተጨባበጡ። ለቀስተኛው የሐዘን መጽናኛ መስሎት ተነስቶ እሱም ተራ በተራ ሚስተር ሐሰንን ጨበጠው።

ያን ዕለት ሲመሽ፣ ሰው ሲሄድ፣ አጥሩ ላይ ጠራኝ።

«ጽጌ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ» አለኝ። «እህቴ መቻል አቅቷት እዚያው እያለሁ ደውላ ነግራኛለች። አባቴን እዚያ አልቅሼዋለሁ፣ ዘንባባ ሥር ተቀምጬ፣ ብቻዬን። እሑድ ጠዋት ያለቀስኩት ለጓሮዬ ነው።»

ሳቄ መጣ፤ ደግሞ ፊቱን ሳየው ተመለሰ።

«እናንተን ሳይ ግን» አለ፣ «ያን ሁሉ ሰው ነጠላውን ዘቅዝቆ በሌሊት ስመለከት፣ ለካ አባቴን ገና አላለቀስኩትም ነበር። ሁለተኛው ለቅሶ የሱ ነው። እትዬ የሺ እንዳይሰሙ ግን፣ አደራ።»

ለማንም አልተናገርኩም፣ ከእትዬ የሺ በቀር።

እትዬ የሺ ይህን ሰምተው ጥቂት ሳምንት ጠፉና አንድ ቅዳሜ ቦርሳቸውን ታቅፈው የዶክተሩ ኩሽና በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ለወፎቹ ምን ይዤላቸው ልምጣ ብለው ይጠይቁታል፤ ጤፍ ይሁን፣ ዳቦ ይሁን። እሱም «ምንም እትዬ። ብቻ ይተዉላቸው» አላቸው።

«መተው ብቻ?»

«መተው ብቻ። ከባዱ እሱ ነው።»

በሕይወታቸው አንድ ነገር እንዳለ ትተው የማያውቁ ሴት ናቸው። ግን ከዚያ ወዲህ በየጊዜው እየመጡ ወንበር አስወጥተው ይቀመጡ ነበር። ወፎቹንም እንደ እድር ሴቶች ለይተው ያውቋቸዋል፤ ይህችኛዋ ሰነፍ ናት፣ ያችኛዋ ጎጆዋን አትጠርግም፣ የዚያኛዋ ባል ሥራ የለውም ይላሉ። የተላጨው ወገን በሁለተኛው ክረምት መልሶ ሸፈነ። ከቦርኒዮም ወሬ መጣ፤ ያልተረጨው ክፍል ውስጥ ትል ለቃሚዎቹ ገብተዋል። ዶክተሩ ፎቶውን አጥሩ ላይ አሳየኝ። ለኔ ከመንገድ ዳሩ ሲታይ የተጠረገ ግቢ ይመስላል። ጣቱን ውስጡ ላይ አድርጎ «እዚህ ናቸው» አለኝ። ወዲያው ደግሞ ደን ግን እንዳልሆነ ነገረኝ።

እንግዲህ እንዲህ ያለው ሰው ነው የሞተብን። በነጋታው እኔ፣ ግርማና እትዬ የሺ ድንኳኑን ልናወጣ ሆስፒታሉ በመለሰልን ቁልፍ ወደ ጓሮው ገባን። ፊት ለፊት መንገዱ ላይ እድሩ በሙሉ ተሰብስቦ ይጠብቃል፤ ሰማዩ ጠቁሯል። ዳዋው እንደ ግንቦትነቱ ተንዠርግጓል። እትዬ የሺ ከፊት ከፊት እየሄዱ ግርማን «በመንገዷ፣ በመንገዷ፣ እግርህን ሰብስብ» ይሉታል። እሱም ግዙፍ ሰው ነው፤ እንደ ልጅ እየተጠነቀቀ፣ ጫማውን ፊትና ኋላ እያደረገ ይከተላቸዋል። ዶክተሩን የጎዳሁት እኔ ነኝ ብሎ ከዚያ ለቅሶ ወዲህ የሣር ማጨጃ ማሽን በእጁ ነክቶ አያውቅም።

የሼዱ መስኮት አንዱ መስታወቱ ወልቋል። በሩን ከፈትን። ድንኳኑ እንደታጠፈ መደርደሪያው ላይ አለ፤ ንጹሕ ነው፣ አንድ ቀዳዳ የለውም። ግርማ ሊያነሳው እጁን ሲዘረጋ አንዲት ደረተ ቀይ ወፍ በጆሮው ሥር ሽው ብላ በመስኮቱ ወጣች። ሦስታችንም ጎንበስ ብለን አየን። በድንኳኑ እጥፋት ውስጥ ከሣርና ከደረቅ ቅጠል የተሠራ ጎጆ አለ። ውስጡ ጫጩቶች፣ ላባቸው ገና ያልበቀለ፣ እናታቸው የመጣች መስሏቸው ቢጫ አፋቸውን ከፍተውልናል።

ግርማ ቀና አለ። «ጥገና ላይ ነው» አለ ቀስ ብሎ፣ ለራሱ። ከፋሲካ ወዲህ ስንት ለቅሶ ያለ ድንኳን በዝናብ እንደተቀመጥን እያሰበ መሆኑ ፊቱ ላይ ይታያል። አፉን በእጁ ያዘና ትከሻው ይርገፈገፍ ጀመር። ሲስቅ ይሁን ሲያለቅስ አልለየሁም፤ እኔም የቱን እንደማደርግ አላወቅሁም። ትንሽ ቆይቶ ጎጆዋን በካርቶን አድርገን ቀስ ብለን ብናዘዋውራትስ አለ።

እትዬ የሺ በሩን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ የሚንቋቋውን ማጠፊያ እየደገፉ፣ ድምፅ ሳያሰሙ ዘጉት። በቀጭኗ መንገድ ተመለሱ፣ በኩሽናው አልፈው ወጡ፣ የፊት በሩ ደረጃ ላይ ቆሙ። የመጀመሪያው ጠብታ ወርዷል። ሰዉ ድንኳኑን ፍለጋ ከኋላቸው አየ።

«ድንኳኑ ጥገና ላይ ነው» አሉና ነጠላቸውን ወደ ራሳቸው ሳቡት።

ሰዉ ሰማዩን አየና ጃንጥላውን ዘረጋ።